ስድስት ሰው፣ አንድ በር

ከቁጣ ሁሉ ለሰው ለማስረዳት የሚያስቸግረው የጌም ተጫዋች ቁጣ ነው። ኳስ የሚያይ ሰው ቴሌቪዥኑ ላይ ቢጮህ ቤተሰቡ ይረዳዋል፤ ጎረቤትም ከግድግዳው ወዲያ አብሮት ይጮሃል። አስማተኛ ባልደረባው ገደል አፋፍ ላይ ተገትሮ አልዘልም ስላለው የሚጮህ ሰው ግን ወገን የለውም። "ምን ሆንክ?" ብለው ሮጠው ይመጣሉ። "ጌል አይዘልም!" ይላል። ጌል ማን እንደሆነ፣ ለምን መዝለል እንዳለበት፣ ባይዘልስ ምን እንደሚቀር ማስረዳት ሲጀምር፣ የመጡት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

እኛ ከተማ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አዲስ አበባ ውስጥ "ጌም እጫወታለሁ" ያለ ሰው ኳስ ይጫወታል ማለት ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ከኋላቸው ተራ የሚጠብቁ፣ ሁሉም አሠልጣኝ የሆኑ ልጆች ይቆማሉ፤ የተሸነፈ ይከፍላል፣ ይነሣል፤ አለቀ። እኔ የማወራለት ጌም ግን ለመጨረስ 100 ሰዓት ሊፈጅ የሚችል፣ ግማሹ ንባብ፣ ሩቡ ጓዝ ማስተካከል፣ የቀረው ደግሞ ጦርነት የሆነ ነገር ነው። እሱን ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ በሰዓት እየከፈሉ ለመጨረስ ዕቁብ መግባት ያስፈልጋል። ስለዚህ ይህን ዘውግ የሚወድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ብቻውን ይወዳል፣ ብቻውንም ይናደዳል።

ለማያውቀው በጥቂቱ ላስተዋውቅ። በ1974 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተሰኘ ጨዋታ አወጡ። የሚፈልገው ወረቀት፣ እርሳስ፣ ዳይስና ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡ ሰዎች ብቻ ነው። አንዱ ተዋጊ ይሆናል፣ አንዱ አስማተኛ፣ አንዱ ቁልፍ ሰባሪ ሌባ፣ አንዱ ቁስል የሚፈውስ ካህን፤ አንድ ሰው ደግሞ ተራኪም ዳኛም ሆኖ ይመራቸዋል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ከኋላው እውነተኛ ሰው አለው። በር ላይ ቆሞ መንገድ ቢዘጋ "እባክህ ዞር በል" ይባላል፤ ዞር ይላል። ዞር ባይል እንኳ ቢያንስ የሚሰደብ ሰው አለ።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣና ሰዎቹን አስቀራቸው። በ1981 የወጣው ዊዛርድሪ ስድስቱንም ተጓዦች ለአንድ ተጫዋች አስረከበ። ያ ጌም ጨካኝ ነበር። ሰው ሲሞት ቤተ መቅደስ ወስደህ በገንዘብ ታስነሣዋለህ፤ ካህናቱ ካልተሳካላቸው ሟቹ አመድ ይሆናል፤ አመዱንም ለማስነሣት ሞክረው ካልሆነላቸው ለዘለዓለም ይጠፋል። ስድስቱም ጉድጓድ ውስጥ ካለቁ ሌላ ቡድን አደራጅተህ ሬሳቸውን እንዲያወጣ ትልካለህ። ጨካኝ ነው፣ ግን ጭካኔው እኩል ነው። ከስድስቱ ውስጥ "አንተ" የሚባል ሰው የለም። ማንም ከማንም አይበልጥም።

ኋላ ላይ ታሪክ መጣ። ታሪክ ደግሞ ጀግና ይፈልጋል። ከስድስቱ አንዱ ትንቢት የተነገረለት፣ የአምላክ ልጅ፣ ዓለምን የሚያድን ሆነ፤ አምስቱ አጃቢ ሆነው ቀሩ። የእኔ ክርክር ይኸው ነው፤ የዚህ ዘውግ አፍቃሪ ፀጉሩን የሚነጭባቸው ጉድለቶች አብዛኞቹ ከዚህች ሹመት ይመነጫሉ። ጌሙ "ጓደኞች ይዘህ ተጓዝ" ብሎ ይሸጥልሃል፤ ገዝተህ ስትገባ ጓደኛ ለምን እንደሚጠቅም ራሱ ጌሙ ግራ ገብቶታል።

በሩን እንመልከት። በ1998 መጨረሻ የወጣው ባልደርስ ጌት፣ ካናዳ ኤድመንተን ያለው ባዮዌር የሠራው፣ በአምስት ሲዲ የሚመጣ ትልቅ ጌም ነበር። እስከ ዛሬ እወደዋለሁ፤ የሚወዱትን ነው በደንብ የሚያሙት። ስድስት ሰው ይዘህ ትዞራለህ። መሬቱ ላይ አንድ ቦታ ስትነካ ስድስቱም ወደዚያ ይሄዳሉ። ሜዳ ላይ ያምራል። ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ግን እያንዳንዱ ሰው መንገዱን ለየብቻው ነው የሚያሰላው፤ ጓደኛው ፊቱ ከቆመ ግድግዳ ገጠመኝ ብሎ ይደመድማል። "ትንሽ ልጠብቀው፣ ያልፍ ይሆናል" የሚል ሐሳብ አልተፈጠረበትም። ዙሪያ ጥምጥሙን ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ካርታው ላይ ሌላ መንገድ ከተገኘ ጉድ ፈላ፤ አራት የሕይወት ነጥብ ብቻ ያለው አስማተኛ፣ እግሩን ወጥመድ ይይዘው፣ ደረቱን ቀስት ይብሳው ሳይል፣ ብቻውን በማዶ በኩል ዞሮ ሊመጣ ይነሣል። ፋየርዋይን የተባለው ፍርስራሽ ሥር ያለው ዋሻ ሙሉው እንዲህ ዓይነት ጠባብ መተላለፊያ ነው። አንድ ሰው በቀጭኑ የሚያልፍበት፣ ኮቦልድ የሚባሉ ውሻ መሳይ ድንክዬዎች ቀስት ይዘው የሚጠብቁበት። ከፊት ያለው ተዋጊ ሲዋጋ ከኋላው ያሉት አምስቱ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፣ ይዞራሉ፣ ይመለሳሉ፤ ጠላትም ይህን ሁሉ ጊዜ ከማዶ በቀስት ይለቅማቸዋል።

ደግሞ ከቦታው ልትወጣ ስትል አንድ ድምፅ ይመጣል፤ ቡድንህን ሳትሰበስብ መውጣት አይቻልም የሚል። አምስቱ በሩ ላይ ናቸው። ስድስተኛው የት አለ? ካርታው ላይ ታሳድደዋለህ። ከሁለት ክፍል ወዲያ ማዕዘን ላይ ቆሟል። ትጠራዋለህ፤ ሲመጣ ከአምስቱ አንዱ ቦታ ልልቀቅ ብሎ ይሄዳል። ድምፁ ይደገማል። የዚያን ዘመን ተጫዋች ተኝቶ እያለ ይቺን ዓረፍተ ነገር ብታንሾካሹክለት ተነሥቶ ሰው መቁጠር ይጀምራል።

እርግጥ ያኔ ኮምፒውተሩ ደካማ ነበር፤ ስድስት ሰው በየሰከንዱ መንገድ እንዲያሰላ ማድረግ ቀላል አልነበረም። ከጌሙ ጋር የመንገድ ፍለጋውን አቅም ከፍ የምታደርግበት ማስተካከያ ነበረ፤ ከፍ ባደረግኸው መጠን ኮምፒውተሩ ያቃስታል። ይቅር ይባላል። ነገር ግን 25 ዓመት ቆይቶ በወጣው በባልደርስ ጌት 3 ውስጥም ጌል ያው ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል። የዝላይ ርቀት በጉልበት ይለካል፤ የጌል ጉልበት ሲፈጠር 8 ነው። ሦስቱ ዘለው ተሻግረዋል፣ ጠላት አይተዋል፣ ሰይፍ መዘዋል፤ ምሁሩ ከማዶ ያሰላስላል። ደግሞ በዚህ ዘውግ ሁሉ የማይጠፋ አንድ ባልደረባ አለ፤ "ወጥመድ አለ፣ ተጠንቀቁ!" ብሎ የሚጮኸው። ወጥመዱን አንደኛ የሚረግጠውም እሱ ነው።

አሁን ወደ ንግግር እንምጣ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

እናቴ አንድ ቀን ቡና እያቀረበች ቆም ብላ ታይ ነበር። ስክሪኑ ላይ አራት ሰዎች ቆመው አንድ የከተማ በር ጠባቂ ያነጋግራሉ፤ ማለትም አንዱ ያነጋግራል፣ ሦስቱ ይቁለጨለጫሉ።

"እነዚህ ሦስቱ ምንድን ናቸው?" አለችኝ።

"አብረውን ናቸው፣ እማዬ።"

"ታዲያ ለምን አይናገሩም?"

"የሚናገረው ቀድሞ የደረሰው ነው። ያ ዳር ላይ የቆመው ነበር አንደበተ ርቱዕ፤ ይሄ መጥረቢያ የያዘው ስለቀደመ ነው።"

ሲኒውን አስቀመጠችና "ሽማግሌ ተልኮ አፍ ያለው ዝም ብሎ ጋሻ ጃግሬው ነው ልጅቷን የሚጠይቀው? በል አልሰጧችሁም" አለችኝ።

አልሰጡንም። ዳይሱ ተንከባለለ፣ 3 መጣ፣ በሩ ተዘጋ።

እናቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሰችውን ነገር ተጫዋቾች ለዓመታት ሲያማርሩበት ኖረዋል። ሽምግልና የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ማን ቀድሞ ደጃፉን እንደረገጠ ማንም አይጠይቅም። ሁሉም ይቀመጣል፣ ንግግር የሚያውቀው ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ የቀሩት "ልክ ነው" እያሉ ይደግፉታል፤ ነገሩ ሲከርር ሌላው ተቀብሎ ያለዝበዋል። አራት ሰው የሚላከው ለዚህ ነው። ባልደርስ ጌት 3 በ2023 ቤልጂየም ጌንት ባለው ላሪያን ተሠርቶ የወጣ፣ የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሎ የተሸለመ፣ በዘውጉ ውስጥ ወደር ያልተገኘለት ሥራ ነው። ሆኖም ንግግር የጀመረው ሰው ንግግሩን ይጨርሳል። መሐል ላይ መቀየር የለም። ማሳመን የሚችል፣ ማታለል የሚያውቅ፣ የዚያን አገር አማልክት ታሪክ በቃሉ የሚወጣ ባልደረባ አጠገብህ ቆሞ ያዳምጣል። ከኋላ ሆኖ ዳይስህን ከፍ የምታደርግ ትንሽ አስማት ይረጭልሃል እንጂ "እስቲ እኔ ላናግረው" አይልም። ከሁሉ የባሰው አንተ ሳትፈልግ ንግግር የሚጀምረው ጠላት ነው፤ ሮጦ መጥቶ የሚያገኘው ሁልጊዜ ያንን መጥረቢያ ያዡን ነው።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ሳስበው ለሠሪዎቹ አዝናለሁ። አራቱም መናገር ከቻሉ እያንዳንዱ ንግግር በአራት ዓይነት ባሕርይ ይጻፋል፤ ለእያንዳንዱ ተዋናይ ተቀጥሮ ድምፅ ይቀዳል። በዚያ ጌም ውስጥ ዋናው ጀግና ራሱ በንግግር ትዕይንት ላይ መልሱን በጽሑፍ ነው እንጂ በድምፅ አይናገርም፤ ወጪው እዚያ ድረስ ነው። ግን እንደሚቻልም ታይቷል። በ2021 ፓሪስ ያለ አንድ ትንሽ ቡድን ያወጣው ሶላስታ ውስጥ አራቱም ተጓዦች ይናገራሉ፣ ይተራረባሉ፣ ቃል ይቀባበላሉ፤ ማን የትኛውን ይበል የምትለው አንተ ነህ። የንግግሩ አጻጻፍ የሚደነቅ አይደለም። ግን ሁሉም አፍ አላቸው። በጨዋታ መሐል ቀልድ ጣል የሚያደርግ ጓደኛ፣ ቀልዱ ባያስቅም፣ ከሚቁለጨለጭ ሊቅ ይሻላል።

አንዳንዱ ጌም ደግሞ የባልደረቦችህን አፍ ዘግቶ የማታውቀውን ሰው ሁሉ ያናግርሃል። ፒላርስ ኦፍ ኢተርኒቲ በ2012 ከደጋፊዎች በመዋጮ ወደ አራት ሚሊዮን ዶላር ተሰብስቦለት በ2015 የወጣ መልካም ጌም ነው። ብዙ ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ግን የራሳቸውን ገጸ ባሕርይ እንዲያስገቡ ተፈቀደላቸው፤ ስማቸው በወርቅማ ቀለም የተጻፈ ሰዎች በየመንደሩ ተገትረዋል። አንዱን ስትነካው ረጅም ሐተታ ያወርድብሃል። ከታሪኩ ጋር አይገናኝም። አዲስ ሰው ግን ይህን አያውቅም፤ ሁሉንም አንብቦ፣ ምናልባት ይጠቅመኝ ይሆናል ብሎ ማስታወሻ ይይዛል።

ሞት ላይ ስንደርስ ነገሩ ግልጽ ይወጣል። በአሮጌው ባልደርስ ጌት ከአምስቱ ባልደረቦች አንዱ ቢሞት ቤተ መቅደስ ይወሰዳል፣ ገንዘብ ይከፈላል፣ ይነሣል። አንተ ከሞትህ ግን ጌሙ አለቀ። አምስት ጤነኛ ሰው፣ ከነገንዘባቸው፣ ከነፈረጠመ ክንዳቸው ቆመዋል፤ ሬሳህን ተሸክሞ ቤተ መቅደስ ሊሄድ የሚነሣ የለም። ሁለተኛው ክፍል ላይ ካህኑ ባልደረባህ ራሱ ሙት የሚያስነሣ ጸሎት ያውቃል፤ ያን ጊዜም አይሞክራትም። ምክንያት አለው ይላሉ፤ ጀግናው የግድያ አምላክ ልጅ ስለሆነ ሥጋው አይመለስም። እሺ። ታዲያ እዚያው ቡድን ውስጥ ያው የአምላክ ደም ያላት ሌላ ሰው አለች፤ እሷ ስትሞት ያለ ምንም ችግር ትነሣለች። እሷ ጀግናዋ አይደለችማ!

ጃፓኖቹም ከዚህ አላመለጡም። በ2009 በወጣው ፋይናል ፋንታሲ 13 ሦስት ሰው ሆነህ ትዋጋለህ፤ ሁለቱ የወደቀ ሰው ማንሣት ይችላሉ፤ መሪው ከወደቀ ግን ሁለቱ እጃቸውን አጣጥፈው ጌሙ ያልቃል። በ1997ቱ ፋይናል ፋንታሲ 7 ደግሞ ጦርነት ላይ የወደቀ ሰው በአንዲት ላባ ብድግ ይላል። ታሪኩ ሰው መግደል ሲፈልግ ግን ያቺን ላባ ሁሉም ሰው በአንዴ ይረሳታል። የማንን ሞት እንደምናገር የተጫወተ ያውቃል። ያቺን ሰው ለብዙ ሰዓት አሠልጥኖ፣ ሌቨሏን አሳድጎ፣ ሌሎቹን ችላ ብሎ የቆየ ተጫዋች ኀዘኑ ድርብ ነው፤ ከሞቷ ማግስት የሚተኳት ሰው ከተረሳበት ወጥቶ በደካማ ጉልበቱ ከዘንዶ ጋር ይጋፈጣል።

ላሪያን ይቺን ነገር አስተካክሏታል፤ መመስገን ያለበትን ማመስገን ነው። እዚያ ጀግናውም ይሞታል፣ የቀሩት ይቀጥላሉ፣ ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ አፅም መሳይ ሽማግሌ 200 ወርቅ ተቀብሎ ያስነሣሃል። ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው። ከዊዛርድሪ ወዲህ እንደዚህ ያለ ፍትሕ ብዙም አላየሁም።

"ታዲያ ባልደረቦቹ በራሳቸው እንዲያስቡ ይተዋቸው" ትሉኝ ይሆናል። ተሞክሯል። በ2006 የወጣው ፐርሶና 3 ውስጥ ጓደኞችህን አታዛቸውም፤ አጠቃላይ መመሪያ ትሰጣለህ፣ ዝርዝሩን እነሱ ይወስናሉ። ሚትሱሩ የምትባል ብልህ፣ ባለጠጋ፣ የተማሪዎች ምክር ቤት ሊቀመንበር የሆነች ልጅ አለች። ይቺ ልጅ በጭንቅ ሰዓት፣ አንድ የበረዶ አስማት ብትወረውር ጠላት በሚወድቅበት ቅጽበት፣ ጠላትን የሚያማልል አስማት ትወረውራለች። አይሠራም። በሚቀጥለው ተራዋ ትደግመዋለች። የዚህ ጌም ተጫዋቾች የትም አገር ይሁኑ የዚያን አስማት ስም ስትጠራባቸው ፊታቸው ይለዋወጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ በወጣው በእጅ የሚያዘው ቅጂ ላይ ባልደረቦችን በቀጥታ ማዘዝ ተፈቀደ። ነፃነት ተሰጥቷቸው ነበር፤ አልተጠቀሙበትም።

ድራገን ኤጅ፦ ኦሪጅንስ በ2009 መካከለኛ መንገድ ፈለገ። ለእያንዳንዱ ጓደኛህ ደንብ ትጽፍለታለህ፤ የሕይወት ነጥቡ ከግማሽ በታች ሲወርድ መድኃኒት ይጠጣ፣ አስማተኛ ጠላት ሲያይ ቀድሞ እሱን ይምታ፣ እያልክ። እኔ ይህን ወድጄዋለሁ፤ ቢሮ ውስጥ ለሚሠራ ሰው የታወቀ ዓለም ነው። ችግሩ ጓደኛህ የተጻፈለትን እንጂ የታሰበለትን አያደርግም። ቁስሉ ቀላል ሆኖ ጠላት ሁሉ ካለቀ በኋላ የመጨረሻዋን ትልቅ መድኃኒት አንጠልጥሎ ይጠጣታል። ደንቡ ይላላ!

ያው ጌም ደግሞ ሳጥን አይሰብርም። ልብ በሉ፤ በ1998 ባልደርስ ጌት ውስጥ ሌባ ካልያዝክ ጉልበተኛው ሳጥኑን ቀጥቅጦ ሊከፍተው ይችል ነበር። ከ11 ዓመት በኋላ፣ ያው ባዮዌር በሠራው ጌም፣ ዘንዶ የሚጥል ተዋጊ የሰው ቁመት የሚያህል መጥረቢያ ትከሻው ላይ አድርጎ የእንጨት ሳጥን ፊት ይቆምና ሌባ የለንም ብሎ ይመለሳል። ሌባዋን ትወዳት እንደሆነ፣ ባሕርይዋ ይስማማህ እንደሆነ ማንም አይጠይቅህም፤ ለሳጥን ብለህ ይዘሃት ትዞራለህ። ከዚያ የአስማተኞች ግንብ ትገባለህ፤ ባልደረቦችህ በሙሉ እንቅልፍ ይወስዳቸውና አንተ ብቻህን ሕልም ዓለም ውስጥ ረጅም፣ እጅግ ረጅም መንገድ ትባዝናለህ። የቡድን ጌም ቡድኑን ነጠቀህ ማለት ነው። ሰው እጅግ ከመሰላቸቱ የተነሣ ደጋፊዎች ያንን ክፍል ዘሎ የሚያሳልፍ ጭማሪ ሠርተው በነፃ አደሉ። ከሚወደው ጌም ላይ የሚጠላውን ለመቁረጥ ፕሮግራም እስከመጻፍ የሚደርስ ሰው፣ ፍቅሩን እንዴት ትጠራጠሩታላችሁ?

ስለ ጓዝ ብዙ አልልም፤ ብዙ ስለሚባልለት ነው። ከሞተ ጠላት የተገፈፈ ጫማ፣ የተሰነጠቀ ጋሻ፣ ሦስት ዓይነት አይብ፣ የማያውቁት ሰው ደብዳቤ፣ ምናልባት የሆነ በር ይከፍት ይሆናል ተብሎ የተያዘ ቁልፍ። ይሄ ሁሉ የጉልበት ልክ አለው፤ አንድ ጋን ማር ስታነሣ ጀግናው መንቀሳቀስ ያቅተዋል፣ ከጎኑ ያለው ጉልበተኛ ባዶ እጁን ያፏጫል። "አምጣ ልርዳህ" የሚል የለም፤ ከረጢት ከፍተህ አንድ በአንድ ታዛውራለህ። መድኃኒቶቹ ግን ሌላ ምዕራፍ ናቸው። ሁሉንም ቁስል የሚፈውስ፣ ሱቅ ውስጥ የማይገኝ ጠርሙስ ስታገኝ ለክፉ ቀን ትለዋለህ። ክፉ ቀን ይመጣል፤ ከዚህም የባሰ ይኖራል ብለህ ትቆጥበዋለህ። ጌሙም የባሰው የትኛው እንደሆነ አይነግርህም። የመጨረሻው ጠላት ወድቆ፣ የሠሪዎቹ ስም በስክሪኑ ላይ ሲወርድ፣ ከረጢትህ ውስጥ ሆስፒታል ሊከፍት የሚችል መድኃኒት ተቀምጧል።

ጥድፊያ የሚባለውም ነገር እንዲሁ ነው። በባልደርስ ጌት 3 መጀመሪያ አንጎልህ ውስጥ ትል ይገባል፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ካልታከምክ ወደ ጭራቅ እንደምትለወጥ ይነገርሃል። ትደነግጣለህ። ስለዚህ አትተኛም፤ ቁስልህን ይዘህ፣ አስማትህ አልቆ፣ ትሮጣለህ። ኋላ ላይ ትሉ ምንም እንደማያደርግህ ይገባሃል። ቀንና ሌሊት ቢፈራረቅ እሱ እቴ! ደግሞ ባልደረቦችህ የልባቸውን የሚያጫውቱህ ሰፈር ውስጥ ስትተኛ ነው፤ ለአንድ ሌሊት በመደበኛው ደረጃ 40 የስንቅ ነጥብ ይበላል። አደራውን አክብሮ ሳይተኛ የሮጠው ተጫዋች የጓደኞቹን ምስጢር ሳይሰማ ያልፋል፤ ዳተኛው ሁሉንም ይሰማል። እሺ፣ ጥድፊያው ውሸት ነው ብለህ ተዝናንተህ ስትተኛ፣ አንድ የሚቃጠል የእንግዳ ማረፊያ አለ፣ እሱ ግን አይጠብቅህም። ስትነሣ ሰዎቹ ሞተዋል። የትኛው እሳት እንደሚጠብቅ የትኛው እንደማይጠብቅ ግንባሩ ላይ አልተጻፈም።

በ2000 የወጣው ባልደርስ ጌት 2 በዚህ ረገድ ይበልጥ ያስቃል። አብራህ ያደገች ልጅ ተይዛ ትወሰዳለች፤ አሁኑኑ ልድረስላት ስትል 20,000 ወርቅ አምጣ ትባላለህ። ወርቁን ለማግኘት የሰው ሁሉ ጉዳይ ፈጻሚ ትሆናለህ፤ ግንብ ትወርሳለህ፣ ቴአትር ቤት ታስተዳድራለህ። ገንዘቡ ሞልቶም ትቆያለህ፤ ጉዳዮቹ ጣፋጭ ናቸዋ። እሷ እስር ቤት ናት። በተቃራኒው በ2018 ፓዝፋይንደር፦ ኪንግሜከር እውነተኛ ቀጠሮ አመጣ፤ የመጀመሪያውን ሽፍታ በ90 ቀን ውስጥ ካላስወገድክ ጌሙ ያልቃል። እኛስ ምን አልን? "ምነው አስቸኮላችሁን!" ብለን ጮኽን። ከዘውጉ አፍቃሪ ጋር መኖር ቀላል እንዳልሆነ አምናለሁ።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ላንሣ መሰለኝ፤ ይሄ ኤድመንተንም ጌንትም የማይታወቅ ችግር ስለሆነ። ጥንት ብዙ የጃፓን ጌሞች በፈለግክበት ሴቭ አያስደርጉም ነበር፤ የተወሰነ ቦታ ላይ መድረስ ነበረብህ። ያንን ያወጣው ሰው መብራት ሄዶበት የሚያውቅ አይመስለኝም። ሰፈር በሙሉ "ውይ!" ሲል፣ የጎረቤት እንጀራ ምጣድ ላይ ሊጥ ሆኖ ሲቀር፣ አንተ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ወደ ኋላ ትወረወራለህ። ሻማ ሲለኮስ "ምን ጠፋብህ?" ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ የሞተ ሰው አስነሥቼ ነበር፣ ተመልሶ ሞተ ማለት ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የኻሊድ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያው ባልደርስ ጌት፣ አሳዳጊ አባትህ ሳይሞት አደራ ያላቸው ባልና ሚስት አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ይጠብቁሃል፤ ጃሂራና ኻሊድ። ጃሂራ ትእዛዝ ማብዛቷን ከታገሡላት ትጠቅማለች። ኻሊድ ይንተባተባል፣ ቶሎ ይደነግጣል። ሁለቱ ግን አይለያዩም፤ ቦታ ጠቦህ እሱን ስታሰናብት እሷም ጓዟን ጠቅልላ ትከተለዋለች። መቼም ባልና ሚስት ናቸው፣ ሐቅ ነው። ሆኖም ባል ከሞተ ሚስቲቱ አትሄድም። ይህን የደረሱበት ተጫዋቾች ምን እንዳደረጉ መገመት ትችላላችሁ፤ ኻሊድ ጋሻውን ተነጥቆ ድብ ወዳለበት ጫካ ብቻውን ይላካል። ለክፋት አይደለም። "ባልሽን እዚህ እናቆየው፣ አንቺ ቅሪ" የሚል ምርጫ ጌሙ ስላልሰጠ ነው።

ሌሎች ተጫዋቾች ደግሞ ከነጭራሹ አላነጋገሯቸውም። ማረፊያው ገቡ፣ አዳራሹ ውስጥ ቆመው አዩዋቸው፣ አለፉ። ሁለተኛው ክፍል ግን የሚጀምረው በሁሉም ላይ በአንድ ዓይነት ነው፤ እስር ቤት ውስጥ ትነቃለህ፣ ጃሂራ አጠገብህ በፍርግርግ ውስጥ አለች፣ እንደ ዘመድ ትጠራሃለች። አብረን ያሳለፍነው መከራ፣ አብረን ያየነው ጉድ ትላለች። የትኛው መከራ? ከዚያ ከጥቂት ክፍሎች በኋላ የኻሊድን ሬሳ ታገኛላችሁ። ጃሂራ ታለቅሳለች፣ ወደ አንተ ዞራ የምትለውን ትጠብቃለች። አንተ ሟቹን በሕይወትህ አንዴ፣ ለዚያውም ከሩቅ ነው ያየኸው፤ ወይም ደግሞ ባለፈው ጌም ድብ ጋ የላክኸው አንተው ነህ። ለቅሶ መድረስ ግዴታ ነውና ምርጫዎቹን ከላይ እስከ ታች ታያቸዋለህ። "እግዜር ያጥናሽ" የሚል የለም።